«የለባቸውም» ብዬ የተረጎምኩ ቀን

ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው ባለታሪኳን አስፈቅጄ ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ አስምለውኛል፤ እማማ እንበላቸው። ጥፋቱ የኔም ስለሆነ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈራ ተባ ብያለሁ።

እዚህ ናይሮቢ ስደተኛ ሆስፒታል ሲሄድ እንግሊዝኛ ወይም ስዋሂሊ የሚችል ሰው ይዞ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። እኔም ከኢስሊ ስንቱን ይዤ እንደተመላለስኩ አልቆጥረውም። እማማ ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተኝተው ነበር። ማታ የማደንዘዣ ሐኪሙ መጣና መጠየቅ ጀመረ። ስኳር? የለም። አስም? የለም። የልብ በሽታ? እማማ ዐይን ዐይኔን አዩኝና «የለብኝም በለው ልጄ» አሉኝ።

የልብ መድኃኒት እንደሚውጡ አውቃለሁ፤ ከፋርማሲ የማመጣላቸው እኔ ነኝ። ግን አስተርጓሚ የተባለውን ብቻ ነው የሚያደርሰው ብዬ ራሴን አሳመንኩና «የለባቸውም» አልኩ። ሐኪሙ ጻፈ፤ ጠዋት እመለሳለሁ ብሎ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ።

ለምን እንደደበቁ ይገባኛል። የሪሴትልመንት ኬዛቸው እየታየ ነው። የሆነ ሰው «ልብ ያለበትን አይወስዱም» ብሏቸዋል። (የዩኤን የሪሴትልመንት ምድቦች ውስጥ አንዱ ራሱ የሕክምና ፍላጎት መሆኑን ያ ሰው አልነገራቸውም። ወሬ አቀባዮቻችን መቼም!)

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተመልሼ «እማማ፣ እርስዎ ካልነገሩት እኔ እነግረዋለሁ» አልኳቸው። «አንተም ከእነሱ ወገን ሆንክ?» አሉኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ አለች። ከብዙ ዝምታ በኋላ ከትራሱ ስር ፌስታሉን አወጡ፤ ዋርፋሪን፣ ዲጎክሲን፣ አቴኖሎል፣ ላሲክስ።

ሐኪሙ ፌስታሉን ሲያይ አልተቆጣም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ኢሲጂ አዘዘ። የልባቸው ምት ሥርዓት አልነበረውም፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። መነሻው የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ሳይታከም ሲቀር የልብ ቫልቭ ያጠብባል። ብዙ የአገራችን ሰው ያለበት ነገር ነው።

ከዚያ ያስረዳኝን ቃል በቃል ለእማማ ተረጎምኩ። ቫልቩ የጠበበ ልብ በጣም ከፈጠነ ለመሙላት ጊዜ አያገኝም፤ ደሙ ወደ ኋላ ይመለስና ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። ኬታሚን የሚባለው በየሆስፒታሉ የተለመደ ማደንዘዣ ደግሞ የልብ ምት ያፈጥናል። ሌሎቹ የደም ግፊትን ይጥላሉ፤ ይህ ልብ እሱንም በቀላሉ አይችልም። ዋርፋሪን እየወሰዱ ከወገብ የሚወጋውን ማደንዘዣ ቢወስዱ አከርካሪ ውስጥ ደም ሊፈስስ ይችላል። ላሲክስ ፖታሺየም ያሟጥጣል፤ ፖታሺየም ሲያንስ ዲጎክሲን መርዝ ወደ መሆን ያዘነብላል። ይህ ሁሉ ከአንዲት «የለባቸውም» በስተጀርባ ተደብቆ ነበር።

ኦፕራሲዮኑ ተራዘመ። ዋርፋሪኑ በሐኪም ትእዛዝ 5 ቀን ቆመ፤ በመሃሉ ደም እንዳይረጋ በመርፌ ሌላ መድኃኒት ተሰጣቸው። (በራሳችሁ እንዳታቆሙት! ሥርዓት በሌለው ምት ልብ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎል ይሄዳል።) ፖታሺየማቸው ተለካ፣ ልባቸው በአልትራሳውንድ ታየ። አቴኖሎሉን ግን እንዳያቋርጡ ተነገራቸው፤ በዕለቱም ጠዋት በጉንጭ ውሃ ዋጡት። እኔ «ጾም ነው» ስለተባለ ክኒኑም የተከለከለ መስሎኝ ነበር። ማደንዘዣውም ለልባቸው በሚስማማ መንገድ ተሰጣቸው፤ ሐኪሙ እስኪነቁ ድረስ ከመቆጣጠሪያው አጠገብ አልራቀም።

በነዚያ ቀናት እማማ አንድም ቃል አላናገሩኝም። ከነቁ በኋላ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ኬዜስ?» የሚል ነበር። ኬዛቸው አሁንም እየታየ ነው፤ አልተዘጋም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ወረቀት ሠርቼላቸዋለሁ። የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን፣ የቫልቩ ችግር፣ የመጨረሻው ኢሲጂ ቀን በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ተጽፏል። ጥርስ ለማስነቀል ሲሄዱም ያሳዩታል፤ የጥርስ ማደንዘዣ መርፌም ብዙ ጊዜ ልብ የሚያፈጥን አድሬናሊን አለበትና። ወረቀቱን ከነጠላቸው ጫፍ ከገንዘባቸው ጋር ቋጥረውታል።

እንዲህ ያለ ወረቀት የሚፈልግ ናይሮቢ ውስጥ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። መድኃኒቶቻችሁን ከነፌስታላቸው ይዛችሁ ኑ።