ጥያቄም ትእዛዝ ነው

በማታ ትምህርት ገበታ ላይ የሚገኙትን የሠራዊት አባላትና ባለቤቶቻቸውን ፈተና በተቃረበ ቁጥር ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቃቸው «አጭር መልስ ስጡ» የሚለው ክፍል ነው። በ«እውነት ወይም ሐሰት» ግምት ይረዳል፤ በ«አዛምዱ» መልሱ ከፊት ተደርድሯል፤ በአጭር መልስ ግን ተፈታኙና ባዶው ወረቀት ብቻቸውን ይፋጠጣሉ።

እኔ እንደታዘብኩት፣ በዚህ ክፍል ብዙ ሰው ነጥብ የሚያጣው ባለማወቁ ሳይሆን የተጠየቀውን ባለመመለሱ ነው። በአንድ የጦር ሰፈር አንድ አሥር አለቃና ባለቤቱ አብረው ይማሩ ነበር። የታሪክ ፈተናው «ለዓድዋ ጦርነት መነሻ የሆኑ ሁለት ምክንያቶችን ጥቀሱ» ይላል፤ ዋጋው 2 ነጥብ ነው። አሥር አለቃው ከክተት አዋጁ አንሥቶ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል ድረስ ያለውን በሁለት ገጽ ተረከው። ጊዜው በዚያው አለቀበት። ምክንያት ግን አንድም አልጠቀሰምና ነጥብ አላገኘም። ባለቤቱ «አንደኛ፣ የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በሁለቱ ቋንቋዎች መለያየቱ፤ ሁለተኛ፣ የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻግሮ ትግራይን መያዙ» ብላ ሁለቱንም ነጥብ ወሰደች።

አሥር አለቃው በኀፍረት ትምህርቱን ሊተው ቆርጦ ነበር። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ግን ባለቤቱ ወረቀቷን ከፊቱ ዘርግታ፣ «ታሪኩን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔ የተጠየቅሁትን ብቻ ነው የጻፍኩት» አለችው። በማግሥቱ ደብተሩን ይዞ ከክፍሉ ተገኘ።

ጥያቄም እንደ ትእዛዝ ነው፤ ወታደር ትእዛዙን ሳይረዳ አይንቀሳቀስም። አስቀድማችሁ ግሡን ፈልጉ። «ጥቀሱ» ነጥቡን ብቻ ይሻል፤ «አብራሩ» እንዴትና ለምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ «አነጻጽሩ» ሁለቱንም ወገን ጎን ለጎን ማቆም ነው። ደም ቅዳንና ደም መልስን አነጻጽሩ ቢባል፣ «ደም ቅዳ ደምን ከልብ ያወጣል» ብሎ ማቆም ግማሽ መልስ ነው፤ «ደም መልስ ግን ወደ ልብ ይመልሳል» ሲባል ይሞላል። ቀጥሎ ቁጥሩንና ነጥቡን ተመልከቱ፤ ሁለት ከተጠየቀ ሦስተኛው ትርፍ ድካም ነው። የከበደውን አልፋችሁ የምታውቁትን ሥሩ፤ ኋላ ተመለሱበት። ወረቀቱን ከማስረከባችሁ በፊትም መልሱን ከጥያቄው ጋር አስተያይታችሁ አንብቡ።

የአንድ ግሥ ክብደት ቀላል የሚመስለው ቢኖር የውጫሌን ውል ያስታውስ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል፣ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግዴታ አደረገው። በዚያች ልዩነት የአገር ነፃነት ለአደጋ ተጋለጠ።

እንግዲህ ባልና ሚስት ማታ ማታ ተራ በተራ ተጠያየቁ። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው መልሱን ከመናገሩ በፊት «የታዘዝኩት ምንድን ነው?» ይበል።