ቆጣቢው ተንታኝ

ስለ እንግሊዝኛ ስምና ቅጽል ልጽፍ ነው። አትሽሹ! ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

የወዳጆቼን የሥራ ማመልከቻ አያለሁ፤ አርሚልን ይሉኛል። ከሁሉ የሚያደክመኝ የዘመዳሞች ቃላት ነገር ነው። አንዱ፣ በኢኮኖሚክስ በማዕረግ የተመረቀ፣ ራሱን «ኢኮኖሚካል አናሊስት» ብሎ አስተዋውቋል። እንግሊዝኛ አዋቂ ሲያነበው «ቆጣቢ ተንታኝ» ሊመስለው ነው... ምናልባትም በርካሽ የሚገኝ!

እስቲ ቤተሰቡን እንያቸው። ኢኮኖሚ ስሙ ነው። ኢኮኖሚክስ ትምህርቱ። ኢኮኖሚክ፣ ኢኮኖሚን የሚመለከት ሁሉ። ኢኮኖሚካል ደግሞ ነዳጅ የማትበላ ቪትዝ ናት። የሁሉም አያት የግሪኩ «ኦይኮኖሚያ» ነው፤ ቤትን ማስተዳደር ማለት። ስለዚህ ደመወዝ እስከ ደመወዝ በአንድ ጠርሙስ ዘይት የምታደርሰን እናት፣ እሷ ናት ኢኮኖሚካል። የአገሩን ጉዳይ ኢኮኖሚክ ጠቅልሎ ወሰደው።

ልጁን ያሳሳተው አማርኛው ይመስለኛል። እኛ መጨረሻው ላይ «አዊ» እንለጥፍና እንገላገላለን። በ1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል ታሪካዊ ነው፤ ስለ ድሉ የሚጻፍ ልቦለድም ታሪካዊ ነው። እንግሊዝኛ ግን ድሉን ሂስቶሪክ፣ ልቦለዱን ሂስቶሪካል ይላል። ታሪክ የሠራው ሌላ፣ ታሪክ የሚያወራው ሌላ። መቼም ደስ የሚል ልዩነት ነው፤ አማርኛም ቢኖረው አልጠላም ነበር።

ደንቡ ገባን ስትሉ ደግሞ ያመልጣችኋል። ጊታሩ ኤሌክትሪክ፣ መሐንዲሱ ኤሌክትሪካል። ለምን? እንዲሁ። ስለዚህ ቅጽሉን ብቻውን አትሸምድዱት፤ ከሚከተለው ስም ጋር ጥንድ አድርጋችሁ ያዙት። መዝገበ ቃላት ስትገልጡም ትርጉሙን አይታችሁ አትዝጉ፣ ምሳሌውን አንብቡ።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ልጅ ስለ ዋጋ ንረት ሲያስረዳ የጉሊት ነጋዴዋም ባንክ ቤት ያለውም ይገባቸዋል። በአማርኛ ነው የሚያስረዳው፣ ያውም አንድም ቃል ሳያዛንፍ። ቢያንስ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲማር አንድም መምህር ኢኮኖሚክና ኢኮኖሚካልን ለይቶ አላሳየውም። አሁን ደግሞ አንዲት «አል» ከመቶ ማመልከቻ መሐል ለይታ ልታስጥለው ትችላለች።

እናንተ ማመልከቻ የምታጣሩ ወገኖች፣ ወረቀቱን ወደ ጎን ከማድረጋችሁ በፊት እስቲ ደውሉለትና ሽንኩርት ለምን ተወደደ ብላችሁ ጠይቁት።