የወፍ ውሃ

1.
በሶማሌ ክልል፣ ሐርተሼክ ከተማ ውስጥ ወፍን ወደ ግቢ የሚያመጣት ጥሬ አይደለም፤ ውሃ ነው። ማሽላ ቢበተን ዶሮና ፍየል ይቀድማሉ። በዝርግ ዕቃ ውሃ ሲቀመጥ ግን ረፋዱ ላይ ዋኖሶች ይወርዳሉ፤ ድምቢጦች ይከተላሉ። ከዚያ ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ሆዷ ቀይ ዳማ፣ ደረቷን በነጭ መስመር የተከፈለች፣ ዓይኗ ነጭ የሆነችው ወፍ ትመጣለች። ሌሎቹ ቦታ ይለቁላታል። ከጠጣች በኋላ ክንፏን ዘርግታ ትታጠባለች፤ ግማሹ ውሃ መሬት ላይ ይቀራል።

2.
ከተማው ወንዝ የለውም። የዝናብ ውሃ በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ፣ በብርካ ይጠራቀማል። አንድ ባለብርካ አፉን በእሾህና በቆርቆሮ ከድኖታል። «ወፍ ያቆሽሸዋል» ይላል። ከክዳኑ ሥር ረጅም ቅርንጫፍ አጋድሟል፤ አንዱ ጫፍ ውሃው ውስጥ፣ ሌላው ከአፉ ላይ። ሾልካ የገባች ወፍ በዚያ ትወጣለች። «ከሞተች ውሃውን ታበላሻለች» አለኝ። አንዷ ስትወጣ ግን ላባዋ ደርቆ እስክትበር ድረስ ቆሞ ጠበቃት። ድመቷን በእግሩ ከለከለ።

3.
«ወፍ ምን ይሠራልኛል?» ያሉኝ እናት፣ ከውዱእ፣ ከሶላት በፊት ከሚደረገው ትጥበት፣ የተረፈውን ውሃ ጎኑ በተቆረጠ ጀሪካን ላይ ያፈሳሉ። ጀሪካኑ መሐል ድንጋይ አለ።
«ኤዶ (አክስቴ)፣ ድንጋዩ ለምንድን ነው?»
«ቆመው ይጠጡበታል።»

4.
ወደ ጅጅጋ በኩል ባለው የማሽላ ማሳ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያጮሃሉ። ልክ ናቸው። ግሪሳ የአንድ ቤተሰብ የዓመት እህል በቀናት ይጨርሳል፤ መንግሥት በአውሮፕላን መድኃኒት የሚያስረጭበት ወፍ ነው። ቅር የሚለኝ ስሙ ለሁሉም መሰጠቱ ነው። ግቢው ግራር ላይ ጎጆዋን የምታንጠለጥለው ቢጫ ወፍም «ግሪሳ» ትባላለች። ጎጆዋን በእንጨት ያወረደ ሰው አይቻለሁ። ማሳ የለውም።

5.
እ.ኤ.አ. በ1988 ከሐርጌሳና ከቡርዖ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ እዚህ ሰፈረ። የስደተኞች መጠለያው በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘጋ። ውሃ በቦቴ ይመጣ ነበር። ግራሩ ማገዶ ሆነ፤ ሌላ ምን ሊነድ ይችል ነበር? ዛሬ ረጃጅም ዛፎች ያሉት በአጥር ውስጥ ነው። ሽማግሌዎች «ወፉ ጠፋ» ይላሉ፤ የሚሉት ከራሳቸው ዛፍ ሥር፣ ጫጫታው መሐል ተቀምጠው ነው።

6.
ኒም ለጥላ ይተከላል። ፍሬው ሲበስል ወፍ ይሞላዋል። መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው ከመኪናው በላይ ያለውን ቅርንጫፍ ነው፤ ኩስ ይወድቅበታል።

7.
ማንም ወደ ግቢው ሊጠራት የማይችል አንዲት ወፍ አለች። ቡናማ፣ ትንሽ፣ በሣር መሐል እየሮጠች የምትኖር። ስሟን ያገኘችው ከብሪታንያ ሶማሌላንድ ገዢ ከጆፍሪ አርቸር ነው። በሶማሌላንድ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1922 ወዲህ በእርግጠኝነት አልታየችም ነበር። በኢትዮጵያ ግን በጅጅጋ ሜዳ ላይ ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የዘረመል ጥናት በነጌሌ ቦረና አጠገብ በሊበን ሜዳ ያለችውም ያችው እንደሆነች አሳየ። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት። ጎጆዋን መሬት ላይ፣ በሣር ጉቶ ሥር ትሠራለች። ሜዳው ሲታረስና ከልክ በላይ ሲጋጥ መግቢያ ታጣለች። ውሃ፣ ጥሬ፣ ዛፍ አይጠሯትም። የምትፈልገው ያልታጨደ ሣር ነው።

ስለ እሷ የጠየቅኋቸው አብዛኞቹ «እዚህ እንደዚህ ያለ ወፍ የለም» አሉኝ። ከብት የሚያግድ ልጅ ግን ወደ ላይ ወጥታ እየዘመረች እንደምትወርድ በእጁ አሳየኝ።

8.
በሊበን ሕዝቡ ግጦሽ በእሾህ ከልሎ ሣሩ እንዲያገግም አድርጓል፤ ወፏም በዚያ ትጠቀማለች። ሐርተሼክ አካባቢም ሣር የሚያጥር ሞልቷል፤ ለጥጆቹ፣ ለክፉ ቀን፣ አንዳንዱም ለሽያጭ። ጎረቤት «የጋራ መሬት ተዘጋብን» ብሎ ይከሳል፤ ክሱ እውነት አለው። ከአጥር ባለቤቶቹ አንዱን፣ ጥጉን ሳያጭድ እንዲተወው ለመንኩት።
«ለወፍ?» አለ።
ትንሽ ቆይቶ «እስከ መቼ?» ሲል ጠየቀኝ። ጫጩቶቹ እስኪበሩ አልኩት።