የገራፊው አንድ ዐይን

ከሰቆጣ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ከአለት ተፈልፍሎ የታነጸው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ይገኛል። በውስጡ በሣጥን የተኙ፣ ሥጋቸው ሳይፈርስ የደረቀ አስከሬኖች አሉ፤ የአገሩ ትውፊት የዋግ መሳፍንትና የቤተ ዘመዶቻቸው ናቸው ይላል። የዋግ ሹሞች ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቈጥሩ ነበር። ነጋሪት ያስመታሉ፤ ችሎት ያስችላሉ፤ ይሾማሉ፤ ይሽራሉ፤ ይፈርዳሉም። ዛሬ ፈራጁ ዝም ብሎ ተኝቷል፤ ከአጠገቡ ቄሱ ይቀድሳል። እዚያ ጨለማ ውስጥ ለቆመ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይጠራው ይመጣበታል። በዚህ ደጋ ላይ ሰው ሲገረፍ፣ እጁ ሲቆረጥ፣ አፍንጫው ሲፎነን፣ ዐይኑ ሲጠፋ፣ ሃይማኖት የት ቆሞ ነበር? ከገራፊው ጎን ነው ወይስ ከተገራፊው?

ለዚህ ጥያቄ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሁለት የማይስማሙ መልሶች አኑራለች። አንደኛው መልስ በግድግዳ ላይ ይገኛል፤ ሁለተኛው በመጽሐፍ ውስጥ።

የግድግዳውን መልስ የሰጠው ሠዓሊው ነው። በአገራችን ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንብ መሠረት ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዐይኖቹ ያያል። ግፈኛ ግን በጎኑ ይሣላል፤ የሚታየውም አንድ ዐይኑ ብቻ ነው። ክርስቶስን የሚገርፉት ጭፍሮች፣ የቤተ ልሔምን ሕፃናት የሚያርዱት የሄሮድስ ወታደሮች፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን የሚያሠቃዩት የዱድያኖስ አሽከሮች፣ ሰይጣንም ራሱ፣ ሁሉም ባለ አንድ ዐይን ናቸው። የሙሉ ሰውን ፊት የተነፈገው አለንጋውን የጨበጠው ነው። በእነዚህ ግድግዳዎች ላይ ከሚከበሩት ቅዱሳን ብዙዎቹ በየዘመናቸው ሕግ ፊት ወንጀለኞች እንደነበሩ አንባቢ ልብ ይሏል። ተከሰዋል፤ ታስረዋል፤ ተገርፈዋል፤ ተገድለዋል። ሕዝቡ በየበዓሉ የሚሳለመው የፍርደኛን ምስል ነው ማለት ይቻላል። እርግጥ ሠዓሊውም ከዘመኑ ወገንተኝነት ሙሉ በሙሉ ነጻ አልነበረም። ገራፊውን ጥምጥም አስጠምጥሞ የሌላ እምነት ተከታይ አስመስሎ የሣለ አልጠፋም። ሆኖም የደንቡ መሠረት ግልጽ ነው፤ ሥዕሉ ለተገራፊው ይመሰክራል።

የመጽሐፉ መልስ ግን ሌላ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ኢብን አልዐሳል በተባለ የቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ ተጠናቅሮ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ የሕግ መጽሐፍ ነው። ከ51ዱ አንቀጾች የመጀመሪያዎቹ 22ቱ ስለ መንፈሳዊ ጉዳይ ሲናገሩ የቀሩት ስለ ሥጋዊ ፍርድ ይናገራሉ። የሥጋዊው ክፍል ቅጣቶች፣ አካል መቁረጥን ጨምሮ፣ አብዛኞቹ ምንጫቸው የቢዛንታይን ነገሥታት ሕግ እንጂ ወንጌል አይደለም። በቢዛንታይን በ8ኛው መቶ ዓመት የወጣው ኤክሎጋ የተባለው ሕግ በብዙ ወንጀሎች ላይ የሞትን ቅጣት በአካል መቁረጥ ሲተካ፣ ይህንኑ ለሰው ልጅ እንደ መራራት ቈጥሮት ነበር። ጭካኔ ምሕረት ተብሎ ሲጠራ የዚያን ጊዜ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነ። ይህ የንጉሥ ሕግ ከጾሙ፣ ከጸሎቱና ከቅዳሴው ሥርዐት ጋር በአንድ ጥራዝ ተደጕሶ ኢትዮጵያ ሲደርስ የጥራዙ ቅድስና ለቢላዋውም ተረፈው። ስለ ጸሎት የሚናገረውን ቅጠል የተሳለመ ከንፈር፣ እጅ ስለ መቁረጥ የሚናገረውን ሳይሳለም ሊያልፍ አልቻለም። የጉዳዩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ገዥው ሰይፍ ብቻ ቢይዝ ሕዝቡ ይፈራዋል። ሰይፉና መስቀሉ በአንድ እጅ ሲገቡ ግን የተፈረደበት ሰው አቤት የሚልበት ያጣል።

አቤት የሚሉበት ያጡ ሰዎች ታሪክ በ15ኛው መቶ ዓመት በደቂቀ እስጢፋኖስ ላይ ተፈጽሟል። ከትግራይ የተነሡት እነዚህ መነኮሳት ለንጉሥ አንሰግድም፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው በማለታቸው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ተጋጩ። ንጉሡ ሊቅ ነበር፤ ስለ ሃይማኖት መጻሕፍትን የደረሰ፣ ለእምነቱ የሚቀና ሰው ነበር። በዚያው ቅናት መነኮሳቱን አስገረፈ፤ አፍንጫና ምላስ አስቆረጠ፤ አስገደለም። ጣዖት አምልከዋል የሚል ክስ በቀረበ ጊዜ በገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹ ላይ እንኳ እጁን አልሰበሰበም። የመነኮሳቱን ስቃይ ግን የተረፉት ጽፈው አቆዩት። ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ገድላቸውን ወደ አማርኛ መልሰው በ1996 ዓ.ም. ሲያሳትሙ፣ ለመጽሐፉ የተመረጠለት ስም «ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ በሕግ አምላክ» የሚል ሆነ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ገራፊውም ተገራፊውም የአንድ ሃይማኖት ልጆች ናቸው። አንዱ በአምላክ ስም ቈረጠ፤ ሌላው በዚያው አምላክ ስም ተቈረጠ።

የዋግ ቤትም ከዚህ ጽዋ ቀምሷል። ዋግሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ተገደሉ። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ በዋግና በላስታ ሸፍተው ቆይተው፣ ከመቅደላው ፍጻሜ በኋላ በ1860 ዓ.ም. መገባደጃ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ነገር ግን አንድ ነገር ጐደላቸው፤ ይኸውም ጳጳስ ነው። አቡነ ሰላማ በመቅደላ እስር ላይ ሳሉ ዐርፈው ነበር። አዲሱን ጳጳስ አቡነ አትናቴዎስን ከግብፅ ያስመጡት የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የሚስታቸው ወንድም የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ነበሩ። ቅብዐ መንግሥት በማን እጅ እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በተደረገው ጦርነት የዋጉ ንጉሥ ድል ሆነው ተማረኩ፤ በእስር ላይ ሳሉም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ዐይናቸው እንዲጠፋ መደረጉን የሚናገሩ ጸሐፊዎች አሉ። ዐይን ማጥፋት የቢዛንታይን ነገሥታት ተቀናቃኛቸውን ሳይገድሉ ከዙፋን የሚያርቁበት የታወቀ ዘዴ ነበር። በጥር 1864 ዓ.ም. ካሣ በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀቡ። ቅባቱ ሲፈስ ስለ እስረኛው አማች የተነሣ ቃል ቢኖር ኖሮ፣ የዚህ ደጋ ታሪክ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ስለ ክርስቶስ ልደትና ስለ ቅባት ሲደረግ የኖረውን ክርክር በጉባኤ ዘጉት። የተረቱት ወገኖች እምነታቸውን እንዲለውጡ ታዘዙ፤ እምቢ ካሉት መካከልም ምላሳቸው የተቈረጠ እንደነበሩ ተመዝግቧል። የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ዐዋጅ ወጣባቸው። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ እንደ ሼኽ ጦልሓ ያሉት ግን በተቃውሞ ጸኑ። ስለ ቃል በተደረገ ክርክር ምላስ መቍረጥ ምን ማለት እንደሆነ ለገጣሚና ለመምህር ማስረዳት አያሻም። የተቈረጠ ምላስ አልተረታም፤ መልስ እንዳይሰጥ ብቻ ተደርጓል።

እንዲህም ሆኖ ነገሩን በዚህ ዘግቶ ሃይማኖትን የአለንጋ እጀታ ብቻ ማድረግ የታሪክን ግማሽ መሰረዝ ይሆናል። በዚያው ዘመን ድኻው ከባለሥልጣን ቍጣ የሚሸሽበት ሌላ ደጅ አልነበረውም። የሚገደል ሰው ወደ ገዳም ወይም ወደ ደብር ሸሽቶ ደወል ደውሎ ይማጠናል። ካህናት መስቀል ይዘው ከጌታው ፊት ይቆማሉ። በዋግም ሆነ በሌላው ደጋ ደም የተቃቡ ሁለት ቤተ ሰቦች ዛሬም ሲታረቁ፣ ከሽማግሌው ጋር መስቀል የያዘ ቄስ አይታጣም። የእርቁን ቃል የሚያጸናው መሐላና ግዝት ነው። በመንገድ ላይ የሚደበደብ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ ደብዳቢው እጁን እንዲሰበስብ ልማድ ያስገድደው ነበር። በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ሕግና አምላክ የተጣመሩት በጥራዙ ውስጥ ከተጣመሩበት በተቃራኒ መንገድ ነው። እዚያ ጥምረቱ ለቀጪው ጕልበት ይጨምራል፤ እዚህ ግን ለተመቺው ጋሻ ይሆናል።

ይሁንና ይህ ጋሻ ደካማ ነበር። ግዝቱ ራሱ ሁለት ስለት ነበረው፤ በአፈርሳታ የአንድን ሌባ ስም ለማውጣት መላው የአካባቢው ሕዝብ ታግቶ ሲውል፣ ቄሱ የሚያስምለው ድኻውን እንጂ አጋቹን አልነበረም። መማጸኛውም ይደፈር ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ አብያተ ክርስቲያናቱን ከእሳት ያዳነ ደወል አልነበረም። ጋሻው በሙሉ ክብሩ የታየው ካህኑ ገራፊውን ራሱን በገዘተ ጊዜ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡም ምድሪቱም ለፋሺስት ወራሪ እንዳይገዙ ገዝተው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ሲገደሉ፣ መስቀሉ ከሰይፉ እጅ ወጥቶ ብቻውን ቆመ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ ሲጨፈጨፉም እንዲሁ ነበር። በዚያው ወረራ ወቅት በኢጣልያ ጦሩን የባረኩ የሃይማኖት አባቶች ነበሩ። ያው አንድ መስቀል ሚላኖ ላይ ከወራሪው ጋር፣ አዲስ አበባ ላይ ከሟቹ ጋር ቆመ።

እዚህ ላይ ጭካኔው የሃይማኖት ውላጅ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ከሃይማኖት ርቀናል ያሉ ሰዎች የፈጸሙትን ማየት ይበቃዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወጣቶች ሲገደሉና ሬሳቸው በየመንገዱ ሲጣል፣ ገዳዩ የጠቀሰው ቅዱስ መጽሐፍ አልነበረም። ነገር ግን እርሱም የማይጠየቅ እውነት፣ መናፍቅ የሚላቸው ጠላቶች፣ የራሱ ግዝትና የራሱ የንስሐ መድረክ ነበረው። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ.ም. በምስጢር ሲገደሉ ዙፋኑ መስቀሉን ጥሎ በምትኩ ሌላ ዐርማ ጨብጦ ነበር፤ የተፈረደበት ሰው ግን እንደ ቀድሞው አቤት የሚልበት አጣ። ቍም ነገሩ በዐርማው ላይ አይደለም። ማናቸውም እምነት ከቀጪው ጋር አንድ አካል በሆነ ጊዜ ሰውን ባለ አንድ ዐይን ያደርገዋል።

በጽሑፍ የሰፈረው ሕግ ከዚያ ወዲህ ረጅም መንገድ ሄዷል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፍትሐ ነገሥትን በክብር እያነሣ ግርፋትንም ይዞ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበት፣ ኢሰብአዊና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝና ቅጣትን ከለከለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግርፋትን ከቅጣቶች ዝርዝር አስወጥቶ፣ የሞት ቅጣትን ይዞ ቢቆይም እንኳ በአደባባይ በስቅላት እንዳይፈጸም ደነገገ። ነገር ግን ሕግ መጻፍና ጅራፍ ማስቀመጥ ሁለት ነገሮች ናቸው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በእስር ቤቶች ሰዎች ይሠቃዩ እንደነበር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት አምነዋል። ጅራፉ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገብቶ ነበር እንጂ አልተሰቀለም። በጓዳ ደግሞ ሠዓሊ አይገባም።

በየዓመቱ በስቅለት ዕለት፣ በሰቆጣም ሆነ በሌላው ደብር፣ ሕዝቡ ሲሰግድ ውሎ ወደ ማታ በካህናት ፊት ይቀርባል። ቄሱ የወይራ ቅጠል ይዞ የምእመኑን ጀርባ በስሱ ይጠበጥብና የሚሰግደውን ስግደት ይነግረዋል። ተጠብጣቢው አይቆስልም፤ አይዋረድም፤ ቀና ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚያ ዕለት ክርስቶስ በመንግሥት ፍርድ መገረፉ ይነበባል፤ በዚያው ዕለት አለንጋው ቅጠል ይሆናል። ሃይማኖት ቅጣትን እስከ የት ማለዘብ እንደሚችል ይህ ሥርዐት ያውቃል። ያን ያወቀ ካህን በማግስቱ ከቀጪው ጎን ሲቆም ምን እንደጣለ ሊነግረው የሚችል ሰው ከተገኘ፣ እርሱ በግድግዳው ላይ ያለው ሠዓሊ ነው። ሠዓሊው ሰይፍ አልነበረውም፤ ዙፋንም አልነበረውም። ባለሥልጣኑ ገብቶ በሚሳለምበት ግድግዳ ላይ የገራፊውን አንድ ዐይን ነሥቶ ብሩሹን አስቀመጠ። ንጉሡም ጳጳሱም በዚያ ሥዕል ሥር ለዘመናት አለፉ፤ ሥዕሉም እስከ ዛሬ አልተሰረዘም።