አሥራ ስምንት ጉድጓዶች

የ1996 ክረምት ትዝ ባለኝ ቁጥር ጣቴን እነክሳለሁ። ሰቆጣ ላይ ኮምፒውተር ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ አጎቴ የመሥሪያ ቤታቸውን ኮምፒውተር ከሥራ ሰዓት በኋላ እንድጠቀም አስፈቀዱልኝ። «ይህ ዕድል ለሁሉም አይገኝም፤ ተማርበት» ብለው ቁልፉን በእጄ ሲያስይዙኝ ዛሬም ይታየኛል። ሁለት ወር ሙሉ!

እኔ ግን ዋርክራፍት 3 የሚባለውን ጌም ከጓደኛዬ በሲዲ ተውሼ ጫንኩበት። ጌሙ ሲጫን፣ በዚያው ፎልደር ውስጥ ወርልድ ኤዲተር የሚባል መሥሪያ አብሮ ይገባል። በእሱ ማንም ሰው የራሱን መሬትና የራሱን ሕግ አውጥቶ አዲስ ጨዋታ መሥራት ይችላል። አንድ ቀን ከፈትኩት። ባዶ መሬት ወጣ። ትንሽ ኮረብታ አቆምኩበትና ሰለቸኝ፤ ዘግቼው ወደ ጦርነቴ ተመለስኩ።

ያ ክረምት የዋለበት እ.ኤ.አ. 2004 ሃፍ ላይፍ 2 እና ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የወጡበት፣ የኮምፒውተር ጌም ወዳጆች የማይረሱት ዓመት ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ «ኢውል» በሚል ስም የሚታወቅ ተጫዋች እኔ በዘጋሁት ኤዲተር ዶታ የሚባለውን ጨዋታ ሠርቶ ነበር። ሌሎች ተቀባብለው አሻሻሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዶታ 2 ሆኖ ወጣ፤ በ2021 የዓለም ውድድሩ ሽልማት ከ40 ሚሊዮን ዶላር አለፈ።

የሚያንገበግበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም፤ አያቴ ናቸው። በዚያ ክረምት ከጋዝጊብላ መጥተው እኛ ቤት ከርመው ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ደጅ ወጥተው ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ ይምሳሉ። በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ጠጠር ጥለው፣ በኽምጥኛ እየቆጠሩ ያዞራሉ። «ና ልጄ፣ ገበጣ ላሳይህ» ይሉኛል። «መጣሁ አባባ» እላለሁ፤ ቁልፌን ይዤ እሮጣለሁ። ሲመሽ ጠጠሩን ለቅመው በጋቢያቸው ጫፍ ይቋጥሩታል፤ ለነገ።

ጊዜው ነበረኝ። መሣሪያው ነበረኝ። አዋቂው ደጄ ላይ ተቀምጠው ይጠሩኝ ነበር። ሦስቱ በአንድ ክረምት ተገናኝተውልኝ፣ ሦስቱንም በተንኳቸው።

አያቴ በ2001 ዓ.ም. አረፉ። ባለፈው ዓመት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የአያቴን ገበጣ በኮምፒውተር ለልጆቼ ልሠራላቸው ተነሣሁ። 18 ጉድጓድ ሣልኩ፤ 54 ጠጠር ደለደልኩ። ጠጠሩን ማዞር ጀምሬ መካከለኛው ረድፍ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ወደ ቀኝ ነው የሚታጠፈው ወይስ ወደ ግራ? ያ ረድፍስ የማን ነው? ሰቆጣ ያሉ ዘመዶቼ ጋ አንድ በአንድ ደወልኩ። የሁሉም መልስ አንድ ሆነ፦

«እሱንማ የሚያውቁት አባባ ነበሩ።»