ሐኪሙ የነገረን ቁጥር

ጎፋ የሚኖሩት አጎቴ አንገታቸው ሥር ንፍፊት ሲወጣባቸው ቤተሰቡ «ብርድ ነው» እያለ ወራት አሳለፈ። በ2011 ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ፈጥኖ የሚስፋፋ ሊምፎማ፣ የንፍፊት ዕጢዎች ካንሰር፣ ሆኖ ተገኘ።

«ዶክተር፣ ምን ያህል ይኖራሉ?» አልኩ። አምስት ነገሮች ጻፈልኝ፦ ዕድሜ ከ60 ማለፉ፣ በሽታው በሰውነት መሰራጨቱ፣ በደም ውስጥ ኤል.ዲ.ኤች. የሚባለው ንጥረ ነገር መብዛቱ፣ ከዕጢዎቹ ውጪ ከአንድ በላይ የአካል ክፍል መያዙ፣ ሕመምተኛው ራሱን ችሎ መንቀሳቀስ ማቃቱ። አጎቴ ሦስቱ ነበሩባቸው። «እንደርሳቸው ካሉት ከመቶ 55ቱ አራት ዓመት ይቆያሉ» አለኝ።

ተናደድኩ። አጀልን ከአላህ (ሱ.ወ.) በቀር ማን ያውቃል? ይሁንና እኔው ለተማሪዎቼ ከመቶኛ አስተምራለሁ፤ ቁጥሩ ስለ መቶ ሰው እንጂ ስለ አጎቴ አይናገርም። ደግሞም ቋሚ አይደለም። ስሌቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ አምስት ዓመት የሚቆዩት ከቀላሎቹ ከመቶ 73፣ ከከባዶቹ 26 ነበሩ። ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ከመጣ በኋላ በ2007 ካናዳ ውስጥ እንደገና ተሰላ፤ የአጎቴ 55 የዚያ ነው። የተቆጠሩት ግን መድኃኒት ያልተቋረጠባቸው የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። እኛ ዘንድ አንዱ ዙር የሚገዛው ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ነው።

ሴት ልጆቻቸው «እንዳትነግራቸው፣ ይሰበራሉ» ብለው ለመኑኝ። ነገር ግን አጎቴ ነጋዴ ናቸው፤ ዕዳቸውም አደራቸውም በቃል ነበር። ከዒሻ ሶላት በኋላ ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ።

«ከመቶ ስንት አልከኝ ልጄ?»

«ሃምሳ አምስት።»

«አልሐምዱሊላህ። በል ደብተር አምጣ።»

እስከ እኩለ ሌሊት ያለባቸውንና የሚገባቸውን፣ ወሲያቸውንም አጻፉኝ። ሕክምናውን አልተዉም፤ በየ21 ቀኑ ስድስት ዙር ወሰዱ። ትልቋ ልጅ ግን ወራት ሙሉ አላናገረችኝም።

ሁለት ረመዷን ጾሙ፤ ሦስተኛው ሳይገባ ወደ አኺራ ሄዱ። በተቀበሩ በአራተኛው ቀን አንድ የመርካቶ ነጋዴ መጥቶ ወረቀት የሌለውን ብድር እያፈረ አነሣ። ትልቋ ልጅ ደብተሩን ገለጠች። ስሙም ልኩም በእጄ ጽሑፍ ሰፍሯል። ገንዘቡን ቆጥራ ሰጠችው።