ሁለት ደብተር የነበረው ጋዜጠኛ

«ሁሉም ውሸታም ነው፤ ይልቅ ኳስ ክፈትልን!»

አዲሱ ገበያ ፀጉሬን የምስተካከልበት ቤት ውስጥ የጦርነት ዜና በተከፈተ ቁጥር ይህች ንግግር አትቀርም። አንዱ ጣቢያ «ጦሩ የገባው ሕዝቡን ነጻ ሊያወጣ ነው» ይላል። ሌላው «ወረራ ነው» ይላል። አንዱ አበባ የያዘ ሕዝብ ያሳያል፣ ሌላው የፈረሰ ቤት። ባለቤቱ ሪሞቱን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ይቆይና ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ ይሰለቸዋል። ኳስ ይከፈታል። ሁሉም እፎይ ይላል።

በመጠርጠራቸው አልጣላም። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባል የለ? የምጣላው ከማጠቃለያው ጋር ነው። «ሁሉም ውሸታም ነው» የሚል ሰው ብልጥ ይመስላል እንጂ ምንም ሐሳብ አልጨመረበትም፤ ወሬውንም ሐሳቡንም አብሮ ጥሏል። የሰው አገር ለያዘ ጦር ደግሞ ከእንዲህ ያለ ተመልካች የተሻለ የሚመቸው የለም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከጎጃምና ከሰላሌ የሚመጣው መንገድ ከተማ የሚገባው በእኛው ሰፈር በኩል ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሙሶሊኒ በዚያው ምሽት ሮም ላይ ሆኖ ጦርነቱ ማብቃቱንና ኢትዮጵያ የጣሊያን መሆኗን አወጀ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን፣ በሐምሌ 21፣ እነ ደጃዝማች አበራ ካሳ ከሰላሌ ተነሥተው ከሌሎች አርበኞች ጋር ከተማዋን ሊያስለቅቁ መጡ። ራስ እምሩ እስከ ታኅሣሥ፣ ራስ ደስታ እስከ የካቲት 1929 ዓ.ም. ተዋጉ። ከዚያም በኋላ አርበኛው ከጫካ አልወጣም። «አለቀ» የተባለው ጦርነት አምስት ዓመት ቆየ ማለት ነው።

የሐምሌው ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር አቡነ ጴጥሮስ ተይዘው ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ ተረሸኑ። ይህን ካዩት አንዱ ቺሮ ፖጃሊ ይባላል፤ ሚላኖ የሚታተመው የ«ኮሪየሬ ዴላ ሴራ» ልዩ ዘጋቢ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የካቲት 12 ቀን ስድስት ኪሎ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። ተከትሎ ለሦስት ቀን የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ፖጃሊም አየው። በግል ማስታወሻው ላይ ሲቪል ጣሊያኖች ሳይቀሩ ዱላና ብረት ይዘው መንገድ ላይ ያገኙትን ኢትዮጵያዊ እየቀጠቀጡ ሲገድሉ ማየቱን፣ ሟቾቹም ምንም የማያውቁ ንጹሓን መሆናቸውን ጻፈ። ይህ በጊዜው ለጋዜጣው አንባቢ አልደረሰም። ማስታወሻው መጽሐፍ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ከ34 ዓመት በኋላ።

ታዲያ ፖጃሊን ውሸታም ብለን እንለፈው? ሰውየው ዓይን ነበረው፤ ያየውንም ጽፏል። ግን ሁለት ደብተር ነበረው። በዓይኑና በአንባቢው መካከል ሳንሱር፣ የጋዜጣው አለቃና የጦሩ ፈቃድ ቆመዋል። የሚላኖ አንባቢ አንደኛውን ደብተር ብቻ አነበበ፤ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

እዚሁ አዲስ አበባ ደግሞ ጣሊያኖች በአማርኛ የሚያሳትሙት ጋዜጣ ነበር። ስሙ «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ»። ቢያንስ ስሙ አይዋሽም፤ የማን መልእክተኛ እንደሆነ ከአናቱ ይናገራል። የዛሬዎቹ ጣቢያዎች እንዲህ ያለ ግልጽነት ቢኖራቸው ሥራችን ምንኛ በቀለለ!

አሁን ወደዚያ «ሁሉም ውሸታም ነው» ወደሚለው ልመለስ። ጣሊያን የመርዝ ጋዝ መርጨቱ በተነገረ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ «የፕሮፓጋንዳ ወሬ ነው» ያሉ ጥቂት አልነበሩም። የቀይ መስቀሉ ልዑክ ዶክተር ማርሴል ጁኖ ግን ኮረም ላይ በጋዝ የተቃጠሉትን ሰዎች አይቷል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ይህንኑ ለመንግሥታቱ ማኅበር ሊያስረዱ ሲነሡ በፉጨት የረበሿቸው እነማን ነበሩ? ጣሊያን ጋዜጠኞች፤ ለጋዜጠኞች ከተዘጋጀው መቀመጫ ላይ ሆነው። በኋላም በጣሊያን እጅግ ስመ ጥር የነበረው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ፣ በወጣትነቱ ራሱ ኢትዮጵያ የዘመተ ሰው፣ «ጋዝ አልነበረም» እያለ ከታሪክ ጸሐፊው ከአንጄሎ ዴል ቦካ ጋር ለዓመታት ተከራከረ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ሞንታኔሊም ያን ጊዜ ተቀበለ። ስልሳ ዓመት! በእነዚያ ስልሳ ዓመታት «ማን ያውቃል፣ ሁሉም ይዋሻል» ብሎ ያለፈ ሰው ሳያውቀው ለረጪው ጥብቅና ቆሞ ነበር።

ጥርጣሬ ወደ ራስም መዞር አለበት። የየካቲት 12 ሟቾችን የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ብሏል። ስለ ጭፍጨፋው ዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺህ ይገምታል። ይህን ስናገር የሚቆጡኝ አሉ። 19 ሺህ ሰው መሞቱ የሚያሳፍረው ገዳዩን እንጂ ቁጥሩን ያጣራውን አይደለም። እንዲያውም የተጣራ ቁጥር ለመካድ ያስቸግራል።

ከባዱ ፈተና ግን ጦሩ የራስ ሲሆን ነው። ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ሞቃዲሾ ገባ። መንግሥታችን «በሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ጥሪ ነው» አለ። የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት «ወረራ ነው» አለ። ኢቲቪ የሚያሳየው ድል ነበር። የአሜሪካ ድምፅና የጀርመን ድምፅ ስለ ተፈናቃይና ስለ ከባድ መሣሪያ ያወሩ ነበር።

በሰፈራችን ልጃቸው የዘመተ አንዲት እናት ነበሩ። ማታ ማታ ሬዲዮናቸውን ይዘው ብቅ ይሉና «አንተ የተማርክ ነህ ልጄ፤ የትኛውን ልመን?» ይሉኛል። ለእሳቸው ጣቢያ መቀየር መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ የሁለቱንም ዜና አብረን እንሰማለን። ሁለቱም ያመኑትን እንይዛለን፤ ውጊያው አላቆመም፣ የመውጫው ቀን ተራዝሟል። አንዱ ብቻ የሚለውን እናቆየዋለን። ኢቲቪ ስለ አንድ ቦታ ሲያወራ ሰንብቶ በድንገት ዝም ሲል ደግሞ እሳቸው ይቀድሙኝና «እዚያ ነገር አለ» ይላሉ። እንዲህ ያለ የዜና ትምህርት ዩኒቨርሲቲም አላገኘሁም።

ልጃቸው ጥር 2001 ዓ.ም. ጦሩ ሲወጣ ተመለሰ። ያልተመለሱት ስንት እንደሆኑ ግን በይፋ ሲነገር አልሰማሁም። ሂዩማን ራይትስ ዋች ነሐሴ 1999 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ታጣቂዎቹም፣ የሽግግር መንግሥቱም፣ የእኛም ጦር በሞቃዲሾ ሲቪሎች ላይ ጉዳት ማድረሳቸውን ዘረዘረ፤ መንግሥታችን አስተባበለ። በዚያው ወር፣ ነሐሴ 5 ቀን፣ የሞቃዲሾው ሆርን አፍሪክ ባልደረባ ማሃድ አህመድ ኤልሚ ተገደለ። ከቀብሩ ሲመለስ ደግሞ ከጣቢያው መሥራቾች አንዱ የነበረው ዓሊ ኢማን ሸርማርኬ በፈንጂ ሞተ። እነዚህ እቦታው ቆመው የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። «ሁሉም ውሸታም ነው» ስንል እነሱንም አብረን መስደባችን ነው።

እኔ እንግዲህ ስለ ወራሪ ጦር በሚነገር ዜና ፊት ጥቂት ጥያቄ ይዤ እቀመጣለሁ። ዘጋቢው የቆመው የት ነው? በ1995 ዓ.ም. አሜሪካ ኢራቅን ስትወር ከ600 በላይ ጋዜጠኞች ከጦሩ ጋር ተመድበው ተጉዘዋል። ታንኩን ከውስጥ አይተውታል፤ ታንኩ የሚመጣበትን ሰው ቤት ግን ከሩቅ። የእነማን ሟቾች ስም አላቸው፣ የእነማን ቁጥር ብቻ? ጣቢያው ለራሱ ወገን የማይመች ነገር ተናግሮ ያውቃል? ኒው ዮርክ ታይምስ በግንቦት 1996 ዓ.ም. ከኢራቅ ጦርነት በፊት የጻፋቸው አንዳንድ ዘገባዎች በበቂ ሁኔታ ያልተጣሩ እንደነበሩ አምኗል። ዘግይቷል፤ ጦርነቱን አልመለሰውም። ቢሆንም ስህተቱን ያመነን ጋዜጣ ፈጽሞ ካላመነው ለይቼ አነበዋለሁ።

እርግጥ ይህ አድካሚ ነው። በቀን ስንት ጦርነት ተከታትሎ ይቻላል? ሁሉን ማጣራት አይቻልም፤ ቢያንስ ያላጣራነውን «አላጣራሁም» ማለት እንችላለን። «ውሸት ነው» ከማለት በጣም ይለያል። ሞቃዲሾ ያለች እናት፣ የካቲት 12 ቤቷ የተቃጠለባት የአዲስ አበባ ሴት፣ ሩቅ ከተቀመጠው ሰው የምትጠብቀው ምናልባት ይህችን ያህል ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ደብተር እስኪታተም ድረስ ነገሯን እንደ ውሸት እንዳይቆጥርባት።